ሕንፃው መቼ ተሠራ፣ ከዚያስ ማን ነካካው? ጥር 15 ቀን 2008 እና የሐዋሳ ግቢዎች የመማሪያ ሕንፃዎች

ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ተንቀጠቀጠች። መንቀጥቀጡ በሞመንት መለኪያ 4.3 ገደማ፣ በአካባቢ መለኪያ ደግሞ 4.7 ገደማ ነበር፤ ሁለቱ የመንቀጥቀጥን መጠን የሚለኩ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። የተነሣው ከከተማዋ በስተምዕራብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከመሬት በታች ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ነው። እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ተሰምቷል፤ በከተማዋ ሕንፃዎች ላይ ጉዳት አድርሷል፣ ሕዝቡንም ክፉኛ አስደንግጧል። በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚችለው በአቅራቢያው ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ነበር። የተመራማሪዎች ትንተና ግን ወደ ሌላ ነገር አመለከተ። ሐይቁና ከተማዋ ያረፉበት ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ ራሱ በጥንት ጊዜ የተደረመሰ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ የተንሸራተተውም በዚያ መደርመስ ጊዜ የተፈጠረ አሮጌ ስንጥቅ ነው።

በመንቀጥቀጥ መለኪያ 4.3 ትልቅ ቁጥር አይደለም። የካቲት 7 ቀን 2017 በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው 6.0 ነበር፤ በጉልበት ሲሰላ ከሐዋሳው ከ350 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የሐዋሳው ግን ጥልቀቱ ትንሽ፣ ርቀቱም ቅርብ ስለነበር ከቁጥሩ በላይ ተሰማ። በማግስቱ ሕንፃ የሚያስተዳድር ሁሉ ስንጥቅ እያየ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ድሮም ነበረ ወይስ አሁን መጣ?» የሕንፃው ታሪክ ካልታወቀ ለዚህ መልስ የለውም። ይህ ጥናት ያንን ጥያቄ ይዞ በሐዋሳ ግቢዎች ያለውን የመማሪያ ሕንፃ ዓይነት ይመለከታል፤ ይኸውም ከመሬት በላይ ሁለት ፎቅ፣ በአንድ ጎኑ ኮሪደር፣ በአርማታ አምድና ቢም የቆመ፣ ግድግዳው ብሎኬት የሆነ ሕንፃ ነው።

ግቢውና ደንቡ፣ ጎን ለጎን

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመው የግብርና ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ኮሌጅ ከወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዲላም ራሱን ችሎ ወጣ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን የማይጻፈው የግንባታ ደንቡ ታሪክ ነው።

የአገራችን የመጀመሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የግብርና ኮሌጁ ሲከፈት ደንቡ ገና አልነበረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቢሲኤስ-8 የተባለው ደንብ መጣ፤ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም፣ ስሙ ሲቀየርም፣ የማስፋፊያ ግንባታው ሲጧጧፍም በሥራ ላይ የነበረው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በዩሮኮድ፣ ማለትም በአውሮፓ የግንባታ ደንብ፣ ላይ በተመሠረተው ኢኤስ ኢኤን 1998 ተተካ (1998 የደንቡ ቁጥር እንጂ ዓመት አይደለም)። ልብ ይበሉ፦ የጥር 15ቱ መንቀጥቀጥ ሲደርስ አዲሱ ደንብ ገና ሕፃን ነበር፤ በግቢዎቹ ከቆሙት ሕንፃዎች አብዛኞቹ በቀደሙት ደንቦች ዘመን የተነደፉ ናቸው።

ኢቢሲኤስ-8 አገሪቱን በአራት የአደጋ ዞኖች ከፍሏል። ሐዋሳም አዳማም በአራተኛው፣ ማለትም በከፍተኛው ዞን ናቸው። በዚያ ደንብ የከፍተኛው ዞን የመሬት ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ጋር ሲነጻጸር 0.10 ሲሆን፣ መነሻው በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ መንቀጥቀጥ ነበር። አዲሱ ደንብ የድግግሞሽ ዘመኑን 475 ዓመት አደረገው፤ አምስት ዞን አወጣ፣ ከፍተኛውንም 0.20 አደረሰ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የድሮዎቹ ሁሉ ግማሽ አቅም ነው ያላቸው» የሚል አለ። ስሌቱ እንደዚያ አይልም። 10.5 ሜትር ከፍታና 10,000 ኪሎ ኒውተን ክብደት ያለው የመማሪያ ሕንፃ እንውሰድ። የሕንፃው ተፈጥሯዊ የመወዛወዝ ጊዜ 0.44 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። በኢቢሲኤስ-8 የዞኑን 0.10 በትምህርት ቤት የአስፈላጊነት መጠን በ1.2 እናባዛለን። በሐይቅ ደለል ላይ ላለ አፈር የስፔክትረሙ መጠን (መንቀጥቀጡ ሕንፃው ላይ የሚጎላበት ልክ) ጣሪያው 2.5 ላይ ይቆማል። መካከለኛ የመለጠጥ (ሳይሰበር የመተጣጠፍ) አቅም ላለው የአርማታ ፍሬም 0.30 ሲገባበት የጎን ኃይሉ ከክብደቱ 9 በመቶ፣ ማለትም 900 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። በአዲሱ ደንብ 0.15ን ወስደን፣ የአፈሩን መጠን 1.15፣ የመለጠጥ መጠኑን 3.9 አድርገን ሌሎቹንም የደንቡን መጠኖች ብናስገባ 1,130 ገደማ ይመጣል። 0.20ን ብንወስድ 1,500 ይሆናል። ስለዚህ ልዩነቱ ከሩብ እስከ ሁለት ሦስተኛ ነው። ከባድ ነው፤ ግን በራሱ ሕንፃ አይጥልም።

እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ «መካከለኛ የመለጠጥ አቅም» በሚለው ግምት ላይ የቆሙ ናቸው። ያንን አቅም የሚሰጠው የኃይሉ መጠን ሳይሆን በአምዱ ውስጥ ያለው ስታፋ፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት፣ ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት በአምዱ ጫፍና ጫፍ የስታፋው ርቀት ከ175 ሚሊ ሜትር፣ ወይም ከዋናው ፌሮ ውፍረት ስምንት እጥፍ፣ ወይም ከታቀፈው አርማታ ስፋት ግማሽ፣ ከሦስቱ ከትንሹ መብለጥ የለበትም። ፌሮው 14 ቁጥር ከሆነ ስታፋው በ112 ሚሊ ሜትር ውስጥ መግባት አለበት። መንጠቆውም በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። በድሮ ሕንፃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን 6 ቁጥር ለስላሳ ብረት፣ በ20 እና በ25 ሳንቲ ሜትር የተራራቀ፣ መንጠቆው በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ ነው። አርማታው ሲላጥ ያ መንጠቆ ይከፈታል፤ ዋናው ፌሮም ወደ ውጭ ይጎብጣል። ይህን ከውጭ ማየት አይቻልም፤ የሚያሳየው ፕላኑ ነው፣ ፕላኑ ከሌለ ደግሞ የብረት መፈለጊያው መሣሪያ።

ከደንቡ ዓመት የባሰው

የሕንፃው ታሪክ ሲባል የምርቃት ቀኑን ብቻ የሚያይ ሰው ዋናውን ያልፈዋል። የመማሪያ ሕንፃ ከተመረቀ በኋላ አርፎ አይቀመጥም። ክፍሉ ላቦራቶሪ ይሆናል፤ ላቦራቶሪው ቢሮ ይሆናል፤ ኮሪደሩ ይዘጋል፤ ውኃ ሲጠፋ ጣሪያ ላይ ሮቶ ይሰቀላል። እያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ነው፣ በጥገና በጀት የሚያልፍ፣ መሃንዲስ ሳያየው የሚሠራ።

ከሁሉም የከፋውን ጠጋ ብለን እንየው። የኮሪደሩ ጎን በአምዶች መካከል ክፍት ነበር እንበል፤ ወይም ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ነበር። ዕቃ ይሰረቃል፣ አቧራ ይገባል ተብሎ ብሎኬቱ ወደ 2.1 ሜትር ከፍ ይደረጋል፤ ከላይ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል የመስኮት ቦታ ይቀራል። ግንበኛው ብሎኬቱን ከአምዱ ጋር በሲሚንቶ ጥብቅ አድርጎ ያያይዘዋል፤ ጎበዝ ግንበኛ እንዲያውም የበለጠ ያጠብቀዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ 3 ሜትር ሆኖ እንዲተጣጠፍ የተነደፈው አምድ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ አምድ በሁለቱም ጫፉ 60 ኪሎ ኒውተን ሜትር የመታጠፍ አቅም ቢኖረው፣ 3 ሜትር ሲሆን የሚያርፍበት የመቁረጥ ኃይል 120ን ለ3 ማካፈል፣ ማለትም 40 ኪሎ ኒውተን ነው። 0.9 ሜትር ሲሆን 133 ይሆናል። ግትርነቱ ደግሞ በርዝመቱ ኩብ ስለሚሄድ ወደ 37 እጥፍ ያድጋል። ግትር የሆነው ኃይሉን ከሌሎች አምዶች ነጥቆ ወደ ራሱ ይስባል። ስታፋው በ25 ሳንቲ ሜትር ከተራራቀ በዚያ በ90 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው ሦስት ወይም አራት ስታፋ ብቻ ነው። የሚመጣው ስንጥቅ የኤክስ ቅርጽ ያለው፣ በመስኮቱ ልክ፣ አምዱን በሰያፍ የሚቆርጥ ነው። ይህ ጉዳት ቀስ ብሎ አያስጠነቅቅም።

ደንቡ የጨመረው ሩብ ወይም ሁለት ሦስተኛ ነበር። አንድ የተከበረ ግንበኛ በሁለት ቀን የሠራው ግድግዳ የጨመረው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የአንድን የመማሪያ ሕንፃ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከ«መቼ ተሠራ» ይልቅ «ከዚያ በኋላ ምን ተገነባበት» የሚለው ላይ ብዙ ጊዜ ቢያጠፋ ተገቢ ነው።

ተመሳሳዩ ነገር በደረጃው ላይም አለ። የደረጃው መካከለኛ ማረፊያ ቢም አምዱን መሐል ላይ ይይዘዋል፤ አምዱም ለሁለት አጭር አምዶች ይከፈላል። ይህ ከመጀመሪያው ከንድፉ የመጣ ስለሆነ በማንም አይፈረድም፤ ነገር ግን ተማሪ ሁሉ የሚወጣው በዚያው በኩል ስለሆነ ፍተሻ ሲደረግ መጀመሪያ የሚታየው የደረጃው አምድ መሆን አለበት።

ክብደቱ የት ሄደ

የመማሪያ ክፍል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ኒውተን የአገልግሎት ጭነት ታስቦ ነው። አዲሱ ደንብ ለመጻሕፍት ማከማቻ የሚጠይቀው 7.5 ነው። የሁለተኛ ፎቅ ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻ ወይም የአሮጌ ፋይል መጋዘን ሲሆን ሶሌታው መጎበጡ፣ የብሎኬቱ ግድግዳ ከላይ መጨመቁ አይቀርም። የመንቀጥቀጥ ጉዳዩ ደግሞ ይለያል፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የጎን ኃይሉም ይጨምራል። የጣሪያ ሮቶም እንዲሁ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 10 ቶን ነው፤ ብረት ማቆሚያው ከጣሪያው ቢም ጋር በቦልት ካልታሰረ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ሐዋሳ በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ዕድል አላት። በዙሪያዋ ፓሚስ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ፣ ይገኛል፤ ከፓሚስ የሚሠራ ብሎኬትም ቀላል ነው። ግድግዳው ሲቀል ሕንፃውን የሚያወዛውዘው ኃይል ይቀንሳል። ችግሩ በጥገና ጊዜ ማንም ብሎኬቱ ምን ዓይነት እንደነበር ሳይጠይቅ ከበድ ያለውን ማምጣቱ ነው።

ወረቀቱን ማግኘት

የአንድ ሕንፃ ሙሉ ማኅደር የሥነ ሕንፃና የስትራክቸር ፕላን፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርት፣ የብረት ዝርዝር፣ የአርማታ ጭመቃ ፈተና ውጤት፣ ሳይት ቡክ (የግንባታ ቦታው መዝገብ)፣ የጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክብ ሰነድ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የርክክቡ ሰነድ ነው፤ ምክንያቱም ክፍያ የሚፈጸመው በእሱ ነው፣ ፋይናንስም አይጥለውም። ስለዚህ ፍለጋው ከምህንድስና ቢሮ ሳይሆን ከፋይናንስ ማኅደር ቢጀመር ይሻላል። በክፍያ ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው የብረት ኪሎ ግራም በዲያሜትር ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ ፕላኑ ቢጠፋ እንኳ ስታፋው 6 ቁጥር ይሁን 8 ቁጥር ከዚያ ይታወቃል።

ሁለተኛው መሰናክል ስም ነው። ግቢ ሲሰፋ የብሎክ ቁጥር ይቀየራል፤ ኮሌጅ ሲዋሃድ ፋኩልቲ ይዛወራል። በአሮጌው ሰነድ ላይ በአንድ ስም የተጠራው ሕንፃ ዛሬ በሌላ ይጠራል። መፍትሔው የሳይት ፕላኑን አሮጌና አዲስ ቅጂ ተደራርቦ እንዲታይ ማድረግና ሕንፃውን በቁጥር ሳይሆን በቦታ መለየት ነው፦ ከዋናው በር ስንት ሜትር፣ ፊቱ ወዴት፣ ርዝመትና ስፋቱ ስንት።

ሦስተኛው ምንጭ ሰው ነው። የጥገና ሠራተኛ፣ የጥበቃ ባልደረባ፣ የጽዳት ሠራተኛ ከፕላን የማይገኝ ነገር ያውቃሉ። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ይህ ግድግዳ በስንት ዓ.ም. ተሠራ?» ቢባሉ ግምት ይናገራሉ። «ጋሼ፣ ከሚሌኒየም በዓል በፊት ነው በኋላ? መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ይቺ መስኮት እንዲህ ነበረች?» ከተባሉ ግን በትክክል ያስታውሳሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቆ መልሱ ከተገናኘ መያዝ፣ ካልተገናኘ ደግሞ ሁለቱንም ጽፎ ማቆየት ነው።

ሕንፃውን ማንበብ

የመጀመሪያው ሥራ ልስን ነው። ስንጥቁ የልስኑ ብቻ ነው ወይስ የአርማታው? ስንጥቁ ባለበት ቦታ የመዳፍ ስፋት ያህል ልስን በቀስታ ይነሣል። አርማታው ጤነኛ ከሆነ ጉዳዩ የቀለም ጉዳይ ነው። በግድግዳና በአምድ መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መለያየታቸውን ብቻ ያሳያል፤ ሕንፃ በተወዛወዘ ቁጥር ይህ መምጣቱ አይቀርም። በአምድ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ከታየ ግን ያን ክፍል ወዲያው ማሸግ ይገባል።

ቀጥሎ ስንጥቁ በሕይወት አለ ወይ የሚለው ነው። በስንጥቁ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጀሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ የስንጥቁ ጫፍም በእርሳስ ተሰምሮ ቀን ይደረግበታል። ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ስንጥቅ በመለኪያ ካርድ ተለክቶ ይመዘገባል። ጀሶው ከተሰበረ እንቅስቃሴው ቀጥሏል ማለት ነው። ከክረምት እስከ በጋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመሬቱ እርጥበትና የሐይቁ ከፍታ ሲለዋወጡ የመሠረቱም ነገር ይለዋወጣልና።

የአርማታውን ጥንካሬ በሽሚት ሀመር (ገጹን መትቶ ጥንካሬውን በሚገምት መዶሻ) ብቻ ፈርዶ መሄድ የተለመደ ስህተት ነው። አሮጌ አርማታ ከአየር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ገጹ ይጠነክራል፣ መዶሻውም ከእውነቱ የበለጠ ያነባል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ቢያንስ አሥር ንባብ ተወስዶ፣ ከጥቂት ቦታዎች ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ኮር (ክብ ናሙና) ተቆርጦ በላቦራቶሪ ተጨምቆ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ኮሩ በተቆረጠበት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል ይረጫል፦ ሐምራዊ ከሆነ አርማታው አሁንም ብረቱን ይጠብቃል፣ ቀለም ካልያዘ ጥበቃው አልቋል። ቀለም አልባው ክፍል ፌሮው ድረስ ከደረሰ ዝገት ተጀምሯል ብሎ መጠርጠር ነው። የድሮ አርማታ ደካማ ሆኖ ሲገኝ መነሻው ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። ሲ-25 ለተባለው የአርማታ ደረጃ በኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 1፡2፡3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ተብሎ ይጻፋል፤ ሠራተኛው ግን ለመደልደል እንዲቀለው ውኃ ይጨምርበታል።

የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ይዞ ወደ አምዱ መሐል ሳይሆን ወደ ሁለቱ ጫፎቹ፣ በተለይም አዲሱ ግድግዳ ወደቆመበት የመስኮት ልክ መሄድ ያስፈልጋል። መሐል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማግኘት ብዙም አያስደነግጥም፤ ጫፉ ላይ ያው 20 ከሆነ ግን ያ አምድ በዝርዝሩ ላይ ቀዳሚ ይሆናል።

የተነካካውን መፍታት

አጭር አምድ ከተገኘ ወዲያው አምዱን በብረት መጠቅለል አያስፈልግም፤ መጀመሪያ ምክንያቱን ማንሣት ይቻላል። ብሎኬቱ ከአምዱ በሁለቱም ጎን ይለያል። የክፍተቱ ስፋት ከግድግዳው ከፍታ 1 በመቶ ያህል ነው፤ ለ2.1 ሜትር ግድግዳ 21 ሚሊ ሜትር ስለሚወጣ 25 ሚሊ ሜትር ይያዛል። ክፍተቱ በፎም ተሞልቶ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋል፤ በሲሚንቶ ከተዘጋ ሥራው ከንቱ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ግድግዳው ከአምዱ ከተለየ በኋላ ብቻውን የቆመ ብሎኬት ነው፣ ወደ ኮሪደሩ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ከአምዱ ጋር በቦልት የታሰረ አንግል ብረት ግድግዳውን ከፊትና ከኋላ አቅፎ ይይዘዋል፤ ብረቱ ግን ከብሎኬቱ ጋር አይታሰርም፣ ግድግዳው በርዝመቱ እንዲንሸራተት ይተዋል። አናቱ ላይም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የአርማታ ማሰሪያ ይደረግለታል።

ይህ ሥራ በአንድ የሴሚስተር እረፍት ሊያልቅ ይችላል። ሥራው ሲያልቅ የተለየው ግድግዳ ሁሉ በፕላን ላይ በቀይ ይሰመራል፣ ቀኑና የሠራው ክፍል ይጻፋል። አንዱ ቅጂ ለምህንድስና፣ ሌላው ለፋይናንስ፣ ሦስተኛው ለግቢው ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል። በግድግዳው ላይም፣ ከክፍተቱ አጠገብ፣ «ይህ ክፍተት ለመንቀጥቀጥ የተተወ ነው፣ በሲሚንቶ አይደፈን» የሚል ጽሑፍ በማይለቅ ቀለም ይሰፍራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ቀለም ሊቀባ የሚመጣው ሠራተኛ የሚያነበው ያንን ነውና።